አክስቴ ቅርቡን ያጣችበት ዓመት

ባለፈው ጥር ለዘመድ ሰርግ ሆሳዕና ሄጄ ነበር። ከድንኳኑ ጀርባ ሴቶች ዶሮ ይነጫሉ። የፈላ ውሃ ላባ ላይ ሲፈስ የሚወጣውን ሽታ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እርጥብ ብርድ ልብስ ከተለበለበ ፀጉር ጋር የተደባለቀ ይመስላል። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይዞ ያልፋል፤ እኔ ግን ቆሜ ቀረሁ። "ምነው እህቴ፣ ላባ መንጨት አማረሽ እንዴ?" ብላ አንዷ ቀለደችብኝ። ሳቅ ብዬ አለፍኳት እንጂ በልቤ አንድ የዶሮ ጭንቅላት፣ አንድ ምላጭና ሁለት የተኳረፉ ሴቶች መጥተውብኝ ነበር።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ፣ በደርግ ጊዜ ነው። አስተማሪ የነበረው አባቴ ወደ ሀቢቾ ተዛወረ፤ እናቴም ጡት የሚጠባውን ወንድሜን አዝላ ተከተለችው። እኔ ትምህርቴ እንዳይቋረጥ ተብሎ ሆሳዕና፣ የአባቴ ታላቅ እህት ጋ ቀረሁ። አክስቴ ታደለች ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿን ድራ የጨረሰች፣ ከእንሰቷና ከዶሮዎቿ ጋር የምትኖር ሴት ነበረች። ቤቷ ከከተማው ዳር፣ የሌሞ ገጠር ጋሪዎች ወደ ገበያ በሚወጡበት መንገድ አፋፍ ላይ ነው። እኛ ሁለታችን የምንነጋገረው በሀዲይኛ ነበር። አማርኛዋ ለገበያና ለቀበሌ ብቻ የሚወጣ ነበር፤ እሱም ወንድና ሴት አይለይም። አማርኛ ሲያምራት እኔን "ና!" ስትለኝ አውራ ዶሮውን "ነይ!" ትለው ነበር፤ ሁለታችንም ግን ተሳስተን አናውቅም፣ እንመጣላታለን።

የእኔ ሥራ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጫጩት መጠበቅ ነበር። ጭልፊት ሲመጣ እየጮህኩ በትር ማወዛወዝ። እውነቱን ለመናገር ጠባቂዋ አክስቴ ነበረች። እኔ ሰማዩን አንጋጥጬ ምንም ሳይታየኝ፣ እሷ ከደጃፉ ላይ ተቀምጣ "ከባህር ዛፉ በላይ፣ በግራ በኩል" ትለኝና ከጥቂት ጊዜ በኋላ ነጥብ የምታህል ነገር ትታየኛለች። ከታች ከሸለቆው ማዶ አቧራ ሲነሳ "ያ የአቶ ሎምበሞ ጋሪ ነው፤ ፈረሱ ዛሬም ያነክሳል" ትላለች። ጋሪው ሲደርስ የሎምበሞ ነው፤ ፈረሱም ያነክሳል። እኔ ከዚህ ዓይን የሚያመልጥ ነገር በምድር ላይ አለ ብዬ አላስብም ነበር።

ታዲያ ምስር ወጣችን ለምን በጠጠር የተሞላ እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። እሷ ምስር ስትለቅም ትሪውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ አንገቷን ወደ ኋላ ስባ፣ በጣቷ እየዳበሰች ነበር። ጥርሴ ሥር ጠጠር ሲንቋቋ እኔ የአክስቴ ቤት አሠራር ይመስለኝ ነበር። እናቴ ጨው እንደምታበዛው፣ አክስቴ ጠጠር ታበዛለች ብዬ ዝም።

በዚያ ዓመት የወንጌላውያን ጸሎት ቤታችን በቀበሌው ታሽጎ ነበር። በሩ ላይ ሰንሰለት፣ በሰንሰለቱ ላይ ቁልፍ። ትልልቆቹ ሰዎች በዚያ በኩል ሲያልፉ ፊታቸውን ወደ ሌላ ያዞሩ ነበር። ለአክስቴ ግን የቤቱ መታሸግ ማለት የሚያነብላት ሰው ማጣት ማለት ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ በጆሮዋ ነው ያነበበችው። መጽሐፍ ቅዱሱን ያነቡላት የነበሩት ሽማግሌ ጸሎት ቤቱ ሲዘጋ ልጆቻቸው ጋ ሌላ አገር ሄዱ። እሷ የራሷ መጽሐፍ ነበራት፤ ቅቤ ሸጣ የገዛችው፣ ሳጥን ውስጥ በጋቢ ተጠቅልሎ የሚቀመጥ። አመሻሽ ላይ በሩን ዘግታ ታወጣውና ጭኗ ላይ ትዘረጋዋለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ እጇ ገጹን ይዳብሳል። እኔ እያነበበች ነበር የሚመስለኝ። አንድ ቀን ውሃ ላቀብላት ጠጋ ስል መጽሐፉ ተገልብጧል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ አክስቴ ሞኝ አልነበረችም፣ ወረቀቱን ግን አልለቀቀችም።

ስለዚህ ቀበሌው "ፊደል ያልቆጠረ ሁሉ መሠረተ ትምህርት ይመዝገብ" ብሎ ሲያስለፍፍ፣ ጎረቤቱ እንሰት ውስጥ ሲደበቅ እሷ በማለዳ ሄዳ ተመዘገበች። ጸሎት ቤቷን ያሸገው ያው ቀበሌ ፊደል ቢሰጣት አልተቀየመችም። "ውሃው ይምጣልኝ እንጂ ቦዩን ማን ቆፈረው አልልም" አለችኝ። ከመሞቷ በፊት መጽሐፏን በገዛ ዓይኗ ማንበብ ፈለገች፤ ሌላ ምኞት እንደነበራት አላውቅም።

ትምህርቱ ከሰዓት በኋላ በቀበሌው አዳራሽ ነበር። አስተማሪው ጋሼ ዳንኤል፣ የጎረቤታችን የአንጋጫ ልጅ፣ ቀጭን፣ ኮቱ ሁልጊዜ በጠመኔ የነጣ፤ ጠዋት ለእኛ ሳይንስ፣ ከሰዓት ለእነሱ ፊደል ያስተምራል። የአዳራሹን ግማሽ የማዳበሪያ ጆንያ ስለያዘው ሰሌዳው ጆንያው ላይ ተደግፎ፣ አግዳሚ ወንበሮቹ ከፊቱ ተጠጋግተው ነበር። በእኛ አገር ደግሞ ትልቅ ሰው ከፊት ነው የሚቀመጠው። ለቅሶ ቤትም፣ ሰርግም፣ ጸሎት ቤትም። አክስቴን ሁሉም ተነስተው ከፊት፣ ልክ ከሰሌዳው አፍ ላይ፣ ከቤት በያዝኩላት በርጩማ አስቀመጧት። እጇን ብትዘረጋ "ሀ"ን ትነካዋለች። ክብር ነውና ደስ ብሏት ተቀመጠች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግራ የሚያጋባ ነበር። ትናንት የመጡ ወጣቶች "ሀ ሁ"ን ጨርሰው ቃል ሲያነቡ፣ አክስቴ "ለ"ን ከ"ሰ" አትለይም። ጆሮዋ ግን የተለማመደ ጆሮ ነው። ሌሎቹ ጮክ ብለው ሲያነቡ ሰምታ የማንበቢያ መጽሐፉን ገጾች በሙሉ በቃሏ ያዘች። ጋሼ ዳንኤል "ያንብቡ" ሲላት መጽሐፉን ዘርግታ እንደ ውሃ ታወርደዋለች። እሱ ደስ ይለዋል፤ እኔም በር ላይ ቆሜ እኮራለሁ።

አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር ለጉብኝት መጣ። ወፍራም፣ ሲናገር ቀስ የሚል ሰው ነበር። "እስቲ እርስዎ ያንብቡልኝ" አላት አክስቴን። ስለ እርሻ የሚናገረውን ገጽ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አወረደችው። ሰውዬው ከትከሻዋ በላይ አጎንብሶ አየ።

"እማማ፣ ይኼ ገጽ እኮ ስለ ወባ ነው" አላት።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሱ ግን አልሳቀም። "የእናንተ ሰዎች አብዮቱን በልባችሁ እንደማትወዱት እናውቃለን። ፊደሉን ካልፈለጉት ይናገሩ፤ መንግሥትን ማሞኘት ግን አይቻልም። ፈተናው ዕለት ካላነበቡ ሕዝብ ስብሰባ ላይ ቆመው ለምን እንደሆነ ያስረዱናል።"

ወደ ቤት ስንመለስ በርጩማዋን ተሸክሜ ከኋላዋ ሄድኩ። ደጃፋችን ላይ ስንደርስ ቆመችና "ፊደሉ እኔን ሲያይ እንደ ጉንዳን ይበተናል" አለች። "ስብሰባው ላይ መቆም ምንም አይደለም፤ ብዙ ሰው ቆሟል። ግን ምናልባት ጌታ እኔ እንዳነብ አልፈቀደም።" ይህን ስትል ፊቷ እንደ ተቀጣ ልጅ ሆነ። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ የከፋኝ ጊዜ ትንሽ ነው። ሊቀመንበሩን ብጠላውም እሱን ምንም ማድረግ አልችልም። ስለዚህ ጉዳዩን ከዶሮዎቹ ጋር ያዝኩት።

ከዶሮዎቹ ጋር ያዝኩት ስል ቀልድ አይደለም። ከአዳራሹ ስንመለስ እስኪመሽ የማያቸው እነሱን ነው። ቀዮዋ እናት ዶሮ አጎንብሳ ከመሬት የጤፍ ፍሬ ትለቅማለች፤ ጤፍ! እኔ እንኳ የማላየውን። ወዲያው ደግሞ አንገቷን ጋደም አድርጋ አንዱን ዓይኗን ወደ ሰማይ ታዞራለች፤ እዚያ ላይ አንድ ጭልፊት አለ። "ክርርር" ስትል ጫጩቶቹ ክንፏ ሥር ይገባሉ። ፍሬዋንም ጭልፊቱንም በአንድ ቅጽበት። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ይላሉ እንጂ፣ ነቅታ ስትውል ከጥሬዋ ሌላ ብዙ ነገር ታያለች። አንዱን ዓይን ወደ ሰማይ ስታዞር ሌላው ወደ መሬት ስለሚሆን፣ እኔ ነገሩ ገባኝ አልኩ፤ አንዱ ዓይን የቅርብ፣ አንዱ የሩቅ ነው! አክስቴም የቅርቡን ዓይኗን በሩቁ እያስረበሸችው ይሆናል።

በነጠላዋ ጫፍ ግራ ዓይኗን አሰርኩና ማንበቢያውን ዘረጋሁላት። "ጉንዳን" አለች። ቀኙን አሰርኩ። "ጉንዳን ነው፣ ልጄ።" ሌላ ሰው ቢሆን በጥፊ ይለኝ ነበር። እሷ ግን ጭንቅላቷን እንደያዝኩላት ዝም ብላ ተቀመጠች፤ እንደዚያ ታስሮላት ጎረቤት ቢያያት ምን እንደሚል እንኳ አላሰበችም።

በማግስቱ በሳይንስ ክፍለ ጊዜ እጄን አወጣሁ። "ጋሼ፣ ዶሮ የትኛው ዓይኗ ነው ለቅርብ?"

ክፍሉ ሳቀ። ጋሼ ዳንኤል ግን ጥያቄ የሚወድ ሰው ነበር፤ ጠመኔውን አንስቶ ሰሌዳው ላይ ትልቅ ዓይን ሳለ። ዓይን ውስጥ ሌንስ የምትባል ምስር የመሰለች ጥርት ያለች ነገር አለች አለን። ቅርብ ለማየት ትወፍራለች፣ ሩቅ ለማየት ትሳሳለች። የሰው ዓይን ይህን ሲሠራ ትንሽ ጊዜ ይወስድበታል። ወፎች ግን ሌንሷን ዙሪያዋን በጡንቻ ጨምቀው፣ ከፊት ያለውን የዓይን መስታወትም ጭምር ጎበጥ አድርገው፣ ከፍሬ ወደ ሰማይ በአንድ ጊዜ ይዘላሉ። "ሁለቱም ዓይኖቿ ሁለቱንም ይሠራሉ" አለኝ። "በሰው ግን ዕድሜ ሲገፋ ምስሯ ትደርቃለች። አልታዘዝም ትላለች። ያኔ ሰውየው ተራራ ላይ ያለውን ያያል፣ መዳፉ ላይ ያለውን ያጣል።"

ይህን ሲናገር እኔን ያየኝ ነበር። ከዚያ ጠመኔውን አስቀመጠ። "የአክስትሽ ነገር ነው?" አለኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። ግንባሩን በመዳፉ መታ፤ ግንባሩ ላይ ነጭ የጣት ምልክት ቀረ።

እኔ "ተገላገልን!" ብዬ እየዘለልኩ ወደ ቤት ሄድኩ። ከሰዓት ጋሼ ዳንኤል ገና ክፍሉ እንደተሰበሰበ፣ በትሕትና፣ በጥሩ ልብ፣ ዓለሙን ሁሉ አበላሸው።

"እትዬ ታደለች፣ እስቲ ተነስተው ወደ ኋላ፣ በሩ ጋ ወዳለው ወንበር ይሂዱ። ከዚያ ይሻልዎታል።"

አንድ ሽማግሌ "ኧረ ነውር ነው!" ሲሉ ሰማሁ። የኋላ ወንበር የልጆችና ዘግይቶ የመጣ ሰው ቦታ ነው። ትልቅን ሴት ከሕዝብ ፊት አስነስቶ ወደ በር መስደድ፣ በእኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ የአንጋጫው ልጅም ያውቀዋል፤ ግን ያኔ ሌንሷን ነበር የሚያስበው። አክስቴ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች። የኋላውን ወንበር አልፋ በበሩ ወጣች። በርጩማዋን ይዤ ሮጥኩ። "ባሌ የሞተ ዕለት እንኳ ከፊት ነው የተቀመጥኩት" አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ ቀረች። ጋሼ ዳንኤል ሁለት ጊዜ ደጃችን ድረስ መጣ። በመጀመሪያው ቀን አክስቴ እንድመልሰው ላከችኝ፤ እኔም ወጥቼ "አክስቴ የለችም በይው ብላለች" አልኩት። ሳቁን ዋጥ አደረገና በአጥሩ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ "እትዬ ታደለች፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ክብርዎን ለመንካት አይደለም" አለ። አክስቴ ከውስጥ በሩን ቀረቀረችው፤ ሁለተኛ ሲመጣም አልከፈተችለትም። ፈተናው እየቀረበ ነበር። አክስቴም መጽሐፉን ከሳጥኑ ማውጣት ተወች፤ እኔን ከሁሉ በላይ ያስፈራኝ ይህ ነው።

ምስሯ ደርቃለች ብሏል። የደረቀ ምስር ምን ይደረጋል? ይዘፈዘፋል። ነገር ግን ዓይን አይዘፈዘፍም። ስለዚህ ያልደረቀ ምስር መተካት አለበት ብዬ ወሰንኩ። ጉበት የሚበላ ደም ይጨምራል፣ እግር የሚበላ ጉልበት ያገኛል ሲባል ሰምቼ አድጌያለሁ፤ የዶሮ ዓይን የበላ ደግሞ እንደ ዶሮ ሊያይ ግድ ነው። የቀረው የዶሮ ዓይን ማግኘት ነው። የእኛን ዶሮ ማረድ አይታሰብም።

ከአጥሩ ማዶ እማማ ዘነበች ነበሩ። ከሰሜን የመጡ፣ የግምጃ ቤት ሹም የነበሩ ሰው ሚስት፣ አሁን እሳቸውም ባል የሞተባቸው። ጥጥ ይፈትላሉ፣ ጠዋትና ማታ መነጽራቸውን አድርገው ከመጽሐፍ ይጸልያሉ። ከአክስቴ ጋር ከተኳረፉ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ቀዮዋ ዶሮ በአጥሩ ቀዳዳ ገብታ የበርበሬ ችግኛቸውን ጭራ ጨረሰችው። እሳቸው "እንደ ባለቤቷ ጾም የማታውቅ ዶሮ!" አሉ፤ አክስቴም የሰማችውን ሰምታ ሰላምታ አቆመች።

የጾም መያዣ ዕለት እማማ ዘነበች ዶሮ አሳረዱ። በእነሱ ልማድ ሴት አታርድምና አንድ መንገደኛ ለምነው አርዶላቸው ሄደ። ጭንቅላቱ ለድመት ተወርውሮ ሣሩ ላይ ወድቋል። እሳቸው የፈላ ውሃ ዶሮው ላይ ሲያፈሱ እኔ በአጥሩ ቀዳዳ፣ ቀዮዋ በገባችበት፣ ጭንቅላቴን አስገባሁ።

"እማማ፣ ጭንቅላቱን ይስጡኝ።"

"ለምንሽ ነው?"

"አክስቴ ዓይኑን ትብላው።"

"በስመ አብ!" ብለው ጭልፋውን ጣሉ። እኔ ሁሉንም አስረዳኋቸው፤ ምስሯን፣ ጉንዳኑን፣ ሊቀመንበሩን፣ የኋላ ወንበሩን። መጀመሪያ እንባቸው እስኪፈስ ድረስ ሳቁ፤ መነጽራቸው ተንሸራትቶ በአንገታቸው ክር ላይ ተንጠለጠለ። ከዚያ ሳቃቸው ቀስ በቀስ ጠፋ።

"ታደለች አታይም?" አሉኝ።

"ሩቁን ታያለች። ቅርቡን ነው ያጣችው።"

ድመቷን አባረው ጭንቅላቱን አነሱና "ነይ ግቢ፤ እስቲ ያንቺን ምስር እንያት" አሉኝ።

በምላጭ ዓይኑን ሰነጠቁት። እኔ በጣቶቼ መሃል ነበር የማየው። ውሃ ፈሰሰ፤ ከዚያ እውነትም የምስር ፍሬ የምታህል፣ የጠራች፣ ለስላሳ ነገር በምላጩ ጫፍ ላይ ወጣች። የቤታቸው ግድግዳ በአሮጌ ጋዜጣ የተለጠፈ ነበር። ለምን እንዳደረግኩት አላውቅም፤ ከምላጩ ጫፍ ወስጄ ጋዜጣው ላይ፣ አንድ "መ" ላይ አኖርኳት። እርጥብ ስለሆነች ተጣብቃ ቀረች። ከሥሯ ያለው "መ" ወፈረ፤ ሁለት የተነፉ ጉንጮች መሰለ። እማማ ዘነበች አፋቸውን ይዘው አጎነበሱ። በጣታቸው ጫፍ ቀስ ብለው ጫን ሲሏት "መ"ዋ ሳሳች፤ ሲለቋት ተመልሳ ወፈረች። አስተማሪያችን የነገረንን ነገር በግድግዳ ላይ አየሁት።

እማማ ዘነበች ከአንገታቸው መነጽራቸውን አውልቀው ከሌንሷ ጎን ካለው ቃል ፊት ያዙት። ያም ቃል ወፈረ። "ያው ናት" አሉ። "የእኔ ምስር የደረቀች ጊዜ ባለቤቴ ከአዲስ አበባ ያመጡልኝ ነው። ለካ ዓይን ነው በክር አንጠልጥዬ የምዞረው።" እጃቸውን ታጠቡ። ዶሮውን ግማሹን ነጭተው፣ ግማሹን ከነላባው፣ በሚጤሰው ውሃ ውስጥ ትተውት ወጡ።

አክስቴ ደጃፍ ላይ ምስር ትለቅም ነበር። እማማ ዘነበች በትልቁ በር ዞረው ገቡ።

"ጡማ፣ ታደለች" አሉ፤ በሀዲይኛ ሰላም ማለታቸው ነው።

አክስቴ ቀና አላለችም። "ዶሮዋ ዛሬ አልመጣም። አስሬዋለሁ" አለች በአማርኛ።

"ስለ ዶሮ አልመጣሁም።"

"ታዲያ ምን ልትል መጣህ? ዓመት ሙሉ አፍህን ዘግተህ—"

እማማ ዘነበች ጎንበስ ብለው መነጽሩን በአክስቴ አፍንጫ ላይ ሰኩት። አክስቴ ልታወልቀው እጇን አነሳች፤ እጇ ግን መንገድ ላይ ቆመ። ትሪው ላይ አፍጥጣ ነበር።

"ይኼ ሁሉ ጠጠር ምንድን ነው?" አለች።

ከዚያ የተነሳውን እጇን አየችው። አዞረችው፤ መዳፉን፣ ጀርባውን። እንሰት ሲፋቅ የሰነጠቀውን፣ በእሳት የተቃጠለውን ጠባሳ፣ የተነሱትን ሥሮች። "ይኼ እጅ የማን ነው?" አለች በሀዲይኛ። "የእናቴ እጅ ነው።" እንባዋ በመነጽሩ ሥር ወረደ። ስንት ዓመት የገዛ እጇን ሳታይ እንደኖረች ያኔ ገባኝና እኔም አለቀስኩ። እማማ ዘነበች ፊታቸውን ወደ ባህር ዛፉ አዞሩ።

ጥቂት ቆይታ አክስቴ ቀና አለችና ደነገጠች። "መንገዱ የለም! ሩቁን ወሰድክብኝ!"

"አልወሰድኩብሽም፣ ቀስ በይ" ብለው እማማ ዘነበች መነጽሩን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ ሳቡት። "በሥሩ ምስርሽን፣ በላዩ መንገድሽን።" አክስቴ ቁልቁል አየች፤ ሽቅብ አየች። እንደገና ቁልቁል፣ እንደገና ሽቅብ። አድጌ እንዳነበብኩት የዶሮና የርግብ ዓይንም እንደዚሁ ነው፤ የታችኛው እይታቸው ለቅርብ፣ የላይኛው ለሩቅ ተስተካክሎ የተፈጠረ ነው። ለዚህ ነው ቀዮዋ ፍሬዋን ሳትለቅ ጭልፊቱን የምታገኘው። ያን ጊዜ ግን ይህን አላውቅም። አክስቴ ዶሮ ስትመስል አይቼ ዓይኑን ሳትበላው ተሳካ ብዬ ብቻ ደስ አለኝ።

ስምምነቱ እዚያው ተደረገ። መነጽሩ ከሰዓት የአክስቴ፣ ጠዋትና ማታ የእማማ ዘነበች፤ ጠዋትና ማታ ይጸልዩበታል። "ዶሮሽ ግን ትታሰር" አሉ ሲወጡ። "ይታሰራል" አለች አክስቴ።

ወደ አዳራሹ ተመለሰች። ከፊት ተቀመጠች። ጋሼ ዳንኤል ጎንበስ ብሎ ሰላም ሲላት "አሁንም ታስነሳኛለህ?" አለችው። "ከእንግዲህ እኔው ብነሳ ይሻላል" አላት፤ ሁሉም ሳቀ፣ እሷም ሳቀች። ድምፁን ሁሉ ቀድማ በቃሏ ስለያዘች የቀራት ድምፁን ከመልኩ ማገናኘት ነበር። በየደረሰችበት ታነብ ጀመር፤ የክብሪት ሣጥን፣ የሳሙና መጠቅለያ፣ የማዳበሪያ ጆንያ። እኔ ምስር ስበላ ጠጠር ጠፍቶ ጥርሴ ግራ ገባው።

ፈተናው ዕለት አዳራሹ ሞላ። እማማ ዘነበችም መጡ፤ "መነጽሬ ካለበት እኔም አለሁ" ብለው ከአክስቴ አጠገብ ተቀመጡ። አክስቴ የተሰጣትን ገጽ አነበበች። ሊቀመንበሩ ማንበቢያውን ከእጇ ወሰደ። "ይኼን በቃልዎ ያውቁታል። እስቲ ሌላ ነገር ያንብቡ" ብሎ የሚሰጣት ወረቀት ኪሱ ውስጥ ይፈልግ ጀመር። እሱ ሲፈልግ አክስቴ ከመነጽሩ በላይ በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከተች። ከመንገዱ ማዶ የቀበሌው ሱቅ ነበር፤ በሩ ላይ በጠመኔ የተጻፈ ነገር አለ። ቀስ ብላ፣ ጮክ ብላ፣ ፊደል በፊደል አነበበች።

"ስ-ኳር፣ ዛ-ሬም፣ የ-ለም።"

ሴቶቹ ሁሉ ተንጫጩ። "ዛሬም? ዛሬ ይመጣል አልተባለም?" ግማሾቹ ለማየት ወደ መስኮቱ ተነሱ። ሊቀመንበሩ እጁ ኪሱ ውስጥ እንዳለ ቀረ። ጋሼ ዳንኤል ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዙሮ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። በመጨረሻ ሰውዬው ራሱ ሳቀ፤ "አልፈዋል፣ እማማ፣ ይቀመጡ" አለ።

ያን ዕለት ቤት ስንደርስ አክስቴ በሩን ዘጋችና መጽሐፏን ከጋቢው አወጣች። ከመስኮቱ ሥር ተቀመጠች፤ መነጽሩን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አደረገች። አንድ ገጽ ገልጣ ጀመረች፤ ወዲያው አቆመች። ሌላ ገለጠች፤ እሱንም አቆመች።

"ምነው አክስቴ?"

"ይኼን አውቀዋለሁ። ዓይኔ ከመድረሱ በፊት አፌ ይቀድማል። እያነበብኩ ይሁን እያስታወስኩ እንዴት አውቃለሁ?" መጽሐፉን ወደ እኔ ገፋችው። "ማንም ያላነበበልኝን ቦታ ፈልግልኝ።"

ብዙ ገጽ ገለበጥኩ። የከፈትኩትን ሁሉ የመጀመሪያውን ቃል ስጠራላት እሷ ቀጥላ ትጨርሰዋለች። በመጨረሻ ከላይ እስከ ታች የሰው ስም ብቻ የሞላበት ገጽ አገኘሁ፤ አባት ልጁን፣ ልጁ ደግሞ ልጁን የሚወልድበት፣ በጸሎት ቤት ሁሌም የሚዘለል ገጽ። አንዱን ስም ጠራሁላት። ዝም አለች። ሌላ ጠራሁ። አታውቀውም።

"እሱን ስጠኝ" አለች።

ጣቷን ከመጀመሪያው ስም ሥር አኖረች። ከባድ ስሞች ነበሩ፤ እኔ እንኳ የሚያደናቅፉኝ። አንዱን ስም ትጀምራለች፣ ትሳሳታለች፣ ተመልሳ ከመጀመሪያው ፊደል ትነሳለች፤ ሲወጣላት "አለ!" ትላለች፣ ሰውየው በር ላይ እንደቆመ ሁሉ። ላብ በግንባሯ ወረደ። ከእነዚያ ሰዎች አንዱንም ማንም አልነገራትም፤ በጆሮዋ የገባ የለም፤ እሷ ራሷ በዓይኗ ነበር አንድ በአንድ የምታገኛቸው። ፊቷ ላይ የነበረውን ደስታ ልገልጸው አልችልም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በሩ ተንኳኳ። እማማ ዘነበች ናቸው፤ መነጽራቸውን ፈልገው። ገብተው በጭኗ ላይ የተዘረጋውን መጽሐፍ አዩት፤ ምን መጽሐፍ እንደሆነም አወቁ። በሩን መልሰው ዘጉት።

"ጨረስሽ ወይ፣ ታደለች? የጸሎት ሰዓቴ ደርሷል።"

አክስቴ ጣቷን ከገጹ ሳታነሳ፣ ከመነጽሩ በላይ ቀና ብላ አየቻቸው።

"ትንሽ ታገሥ" አለች። "እዚህ ያለው ሰውዬ ገና ልጅ አልወለደም።"

እማማ ዘነበች በርጩማ ስበው ተቀመጡ፤ ልጁ እስኪወለድም ጠበቁ።